ሰው የማይታይበት ፊልም

ስለ አራዊት የሚሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ተራኪ አላቸው። አንበሳው ሲያደባ ምን እንዳሰበ ተራኪው ይነግረናል፤ ሙዚቃውም የት ላይ እንደምንፈራና የት ላይ እንደምናዝን ያዘናል። ፈረንሳዊው የፊልም ሠሪ ኒኮላ ፊሊቤር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ኔኔት» በተባለው ፊልም ይህን ልማድ ትቶታል።

ኔኔት ኦራንጉታን ናት። ኦራንጉታን በእስያ ደሴቶች ደን ውስጥ የሚኖር፥ ጠጕሩ ቀላ ያለ፥ ጅራት የሌለው፥ በሥጋ ዝምድና ለሰው በጣም ከሚቀርቡት እንስሳት አንዱ ነው። እርስዋም ቦርኔዮ ተወልዳ በ1972 ወደ ፓሪስ መጣች፤ ዣርደን ዴ ፕላንት በተባለው የአትክልት ስፍራ ባለው የአራዊት ማሳያ ውስጥ ተቀመጠች። ፊልሙ ሲሠራ ዕድሜዋ 40 ዓመት ደርሶ ነበር።

የፊልሙ አሠራር ቀላል ነው። ካሜራው ከመስተዋቱ ወዲያ ካሉት እንስሳት ላይ አይነሣም። ከመስተዋቱ ወዲህ የቆመው ሰው ግን አልፎ አልፎ ጥላው በመስተዋቱ ላይ ከማረፉ በቀር መልኩ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሕፃናት ይጮኻሉ፥ ጐብኚዎች ይከራከራሉ። አንዱ አዝናለች ሲል ሌላው ሰልችቷታል ይላል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ድምፅና ሥዕል የተለያዩ መሆናቸው ነው። በሲኒማ ቤት ቃል ስንሰማ የሚናገረውን አፍ እንፈልጋለን። እዚህ የምናገኘው የማይናገር ፊት ነው። የተባለውን ሁሉ በፊቷ ላይ እያስቀመጥን እንሞክረዋለን፤ እርስዋም አትቀበልም፥ አትክድምም፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ፊሊቤር ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊልሙ ስለ ማየት እንደ ሆነ ያስረዳው ለዚህ ይመስለኛል። (ይኸው ሰው በ1992 መስማት ስለ ተሳናቸው ሰዎች ፊልም ሠርቷል፤ ያለ ድምፅ መነጋገር ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም።)

ከሁሉ የሚበልጡት ጠባቂዎቿ የሚናገሩባቸው ክፍሎች ናቸው። ጐብኚው ስለ ስሜቷ ሲፈርድ፥ ጠባቂው ስለ ልማዷ ይናገራል። ከወንድ ልጇ ጋራ በአንድ ቤት ስለምትኖር እንዳትፀንስ መድኃኒት እንደሚሰጣት የምንሰማው በዚህ ነው። «እንዴት ጸጥተኛ ናት!» የሚለው አላፊ ጐብኚ ይህን ከየት ያውቃል?

አንድ ተቃውሞ ግን አለ። ኔኔት የእኛ መስተዋት ናት ካልን፥ እንደ ገና ስለ ራሳችን ማውራታችን አይደለምን? ፊልሙም ቢሆን የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ከመስተዋቱ ፊት እንደ ቆመ እንደ አንድ ጐብኚ ነው፤ በጨለማው አዳራሽ የተቀመጥነውም እኛ ከዚያው ሰልፍ ላይ ተጨምረናል። ተቃውሞው ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን ፊሊቤር ቢያንስ ተራኪ ሆኖ በስሟ አልተናገረላትም፤ 70 ደቂቃ ሙሉ እርስዋን ስናይ ቆይተን ምን እንዳሰበች ሳናውቅ እንወጣለን።