ለቤት ውስጥ ወይስ ለደጅ? የፓኖራሚክ ዓሣ ዐይን ካሜራ አመራረጥ

የደኅንነት ካሜራ ከባንኮችና ከትልልቅ ሆቴሎች አልፎ በመድኃኒት ቤቶች፣ በሱቆች፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና በግለሰብ ግቢዎች ጭምር የሚተከል መሣሪያ ሆኗል። ለገበያ ከሚቀርቡት ዓይነቶች መካከል በአንድ ሌንስ ዙሪያውን በሙሉ የሚያሳየው «የዓሣ ዐይን» ካሜራ የብዙ ገዥዎችን ትኩረት ይስባል፤ አንዱ የአራቱን ሥራ ይሠራል ሲባል ወጪ ቆጣቢ መስሎ ይታያልና። ይሁን እንጂ የካሜራው እውነተኛ ፈተና የሚመጣው ንብረት በጠፋ ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ቀረጻው ሲከፈት የድርጊቱ ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታይና የፈጻሚው ፊት ግን ጥቂት የደበዘዙ ነጥቦች ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የዓሣ ዐይን ካሜራ በዋናነት «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። «ማን ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው ግን በጥቂት ሜትሮች ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ለቤት ውስጥም ሆነ ለደጅ የሚደረገው ምርጫ ከዚህ ልዩነት ሊነሣ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ግለሰቦች፣ ነጋዴዎችና የነዋሪዎች ማኅበራት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

ካሜራው እንዴት ይሠራል?

«የዓሣ ዐይን» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1906 የተጠቀመበት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ ነው። ከውኃ ሥር ወደ ላይ የሚመለከት ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም በሙሉ በአንድ ክብ ውስጥ ተሰብስቦ ያየዋል የሚለው የብርሃን ስብረት ሕግ የስያሜው መነሻ ነው። የዛሬው ካሜራም 180 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፍን ሌንስ አለው። በኮርኒስ ላይ ቁልቁል ሲተከል ክፍሉን በ360 ዲግሪ፣ በግድግዳ ላይ ሲተከል ደግሞ ፊት ለፊቱን በ180 ዲግሪ ያሳያል።

ሌንሱ የሚሰጠው ምስል ክብና የተጣመመ ነው። ምስሉን ወደ ተለመደው ቀጥ ያለ ዕይታ የሚመልሰው ሶፍትዌር ነው። ይህ የማቃናት ሥራ በካሜራው ውስጥ ወይም ከቀረጻ በኋላ በመመልከቻው ኮምፒውተር ላይ ሊከናወን ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ክቡ ምስል እንዳለ ከተቀዳ ተመልካቹ ቆይቶ ወደፈለገው አቅጣጫ እየዞረ መመርመር ይችላል። የተቃናው የተወሰነ ዕይታ ብቻ ከተቀዳ ግን ከዚያ ዕይታ ውጭ የሆነውን ነገር መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ስፋት ሲጨምር ግልጽነት ይቀንሳል

በካሜራው ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የሜጋ ፒክስል መጠን ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ለምሳሌ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ማለትም 12 ሜጋ ፒክስል የሚል ካሜራ ክቡን ምስል የሚያሳርፈው በመሃል ባለው 3000 ፒክስል ስፋት ላይ ከሆነ፣ ጥግና ጥጉ ጨለማ ሆኖ ስለሚቀር ጥቅም ላይ የሚውለው ወደ 7 ሜጋ ፒክስል ገደማ ነው። ይህም በ180 ዲግሪ ላይ ሲከፋፈል ለአንድ ዲግሪ የሚደርሰው 17 ፒክስል ያህል ብቻ ነው።

በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት ልኬት የምስልን ጠቀሜታ የሚመዝነው በአንድ ሜትር ስፋት ላይ በሚያርፉ ፒክስሎች ብዛት ነው። የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት 250፣ ቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ 125፣ አለባበስንና እንቅስቃሴን ለመከታተል 62 ገደማ፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማረጋገጥ ደግሞ 25 ፒክስል ያስፈልጋል። ከላይ በተጠቀሰው ካሜራ ሲሰላ የማይታወቅ ሰው ማንነት የሚለየው እስከ 4 ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የሚታወቅ ሰው የሚታወቀው እስከ 7 ሜትር ተኩል፣ አለባበስ የሚታየው እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ስሌት በቂ ብርሃን ያለበትንና ሌንሱ ንጹሕ የሆነበትን ሁኔታ የሚመለከት ነው፤ በምሽትና በአቧራ ርቀቱ የበለጠ ያጥራል።

ለቤት ውስጥ ሲመረጥ

የዓሣ ዐይን ካሜራ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። ርቀቱ አጭር፣ ብርሃኑ የተመጣጠነ፣ ኮርኒሱም ለመትከል የተመቸ ነውና። 3 ሜትር ከፍታ ባለው ኮርኒስ መሃል የተተከለ አንድ ካሜራ 5 ሜትር በ5 ሜትር የሆነን ክፍል እስከ ማዕዘኖቹ ድረስ ማንነት በሚለይበት ደረጃ ይሸፍናል። ክፍሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር ከሆነ በማዕዘኖቹ አካባቢ የሚጠበቀው የሚያውቁትን ሰው መለየት ብቻ ነው። ስለዚህ ለመድኃኒት ቤት፣ ለአነስተኛ ሱቅ፣ ለእንግዳ መቀበያና ለቢሮ አዳራሽ ተስማሚ ምርጫ ነው።

በአተካከል ረገድ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ካሜራው ከገንዘብ መቀበያው በላይ ልክ በአናት ሲሰቀል የሚያሳየው የሰዎችን ፊት ሳይሆን ፀጉራቸውንና ቆባቸውን ነው። ከመቀበያው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ፈቀቅ ተደርጎ ደንበኛው ፊቱን በሚያዞርበት አቅጣጫ ሲተከል ግን ፊት ይታያል። ከ4 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መጋዘን ወይም ረጃጅም መደርደሪያዎች በሚገኙበት መደብር የዓሣ ዐይን ካሜራ ብቻውን አይበቃም፤ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚደረገውን ሊያይ አይችልምና።

ለደጅ ሲመረጥ

በደጅ ሁኔታው ይለወጣል። ግድግዳ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ የተተከለ የዓሣ ዐይን ካሜራ የምስሉን ግማሽ ያህል በሰማይ ላይ ያባክናል፤ ፀሐይም በቀጥታ ልትመታው ትችላለች። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቁልቁል ከተተከለ ደግሞ የክቡ ግማሽ የራሱን ግድግዳ ብቻ ያሳያል። በዚህ ላይ በር፣ አጥርና የመኪና ማቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ሜትር በላይ የሚርቁ በመሆናቸው ማንነትን መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ለደጅ የሚውል ካሜራ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባል፦

• የአይፒ 66 ወይም የአይፒ 67 ደረጃ፦ የመጀመሪያው 6 ቁጥር አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባው ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጥር 6 ሲሆን በኃይል የሚረጭ ውኃን፣ 7 ሲሆን ደግሞ እስከ አንድ ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን እንደሚቋቋም ያሳያል። ለክረምት ዝናብም ሆነ ለበጋ አቧራ ይህ ደረጃ ወሳኝ ነው።

• የአይኬ 10 ደረጃ፦ ካሜራው በእጅ በሚደረስበት ከፍታ የሚተከል ከሆነ ይህ ደረጃ 20 ጁል የሚደርስ ምት እንደሚቋቋም ያረጋግጣል። ምቱ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚፈጥረው ጋር ይመጣጠናል።

• የሙቀት መጠን፦ እንደ አፋር፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በአምራቹ የተገለጸው ከፍተኛ የሙቀት መጠን መነበብ አለበት፤ ፀሐይ ያገኘው የካሜራ አካል ከአየሩ የበለጠ ይግላልና።

• የማታ ብርሃን፦ የዓሣ ዐይን ካሜራዎች የኢንፍራሬድ ብርሃን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 ሜትር ነው። በሌንሱ ላይ የሚያርፍ የዝናብ ጠብታና የሸረሪት ድር ይህን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራውን ከክፍክፍ ሥር መትከልና በየጊዜው ማጽዳት ይመከራል።

ሰፊ ግቢን በአንድ መሣሪያ ማየት የግድ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። በአንድ አካል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሌንሶች፣ ለየሌንሱም የራሱን የምስል መቀበያ የያዘ ፓኖራሚክ ካሜራ ከዓሣ ዐይኑ የተሻለ ርቀት ያሳያል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

አንድ ምሳሌ

ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር መዋጮ ሰብስቦ ካሜራ ሊተክል ነው እንበል። መግቢያው 5 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ የግቢው በር ከሕንፃው ግድግዳ 18 ሜትር ይርቃል። ሻጩ ግድግዳው ላይ አንድ ባለ 12 ሜጋ ፒክስል የዓሣ ዐይን ካሜራ ሁሉንም ይሸፍናል ይላል። በስሌቱ መሠረት ይህ ካሜራ በሩ ላይ የሚሰጠው በአንድ ሜትር 53 ፒክስል ገደማ ነው። ሰው መግባቱና ወዴት መሄዱ ይታያል፤ ፊቱ ግን አይለይም፤ የመኪና ሰሌዳም አይነበብም።

በአንጻሩ 2560 ፒክስል ስፋት ያለው ተራ ባለ 4 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ዕይታው ወደ 30 ዲግሪ ጠብቦ በሩ ላይ ቢያነጣጥር በዚያው ርቀት 265 ፒክስል ገደማ ይሰጣል፤ ማንነትን ለመለየት ይበቃል። እንግዲህ ለማኅበሩ የሚሻለው የዓሣ ዐይኑን በመግቢያው ኮርኒስ ላይ፣ ጠባብ ዕይታ ያለውን ተራ ካሜራ በበሩ አቅጣጫ መትከል ነው። ግቢውን በጠቅላላው የሚያሳይ ሦስተኛ ካሜራ አቅም በፈቀደ ጊዜ ሊጨመር ይችላል። ሁለቱ ካሜራዎች እየተደጋገፉ አንዱ ምን እንደሆነ፣ ሌላው ማን እንደሆነ ይናገራሉ።

ቀረጻ፣ ኃይልና ሰዓት

በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 86 ጊጋ ባይት፣ በ30 ቀን ደግሞ 2.6 ቴራ ባይት ገደማ ይይዛል። መቅጃው ሲገዛ ይህ መታሰብ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ አዲሱ ቀረጻ በሳምንት ውስጥ አሮጌውን እየደመሰሰ ይሄዳል። በአንድ የኔትወርክ ገመድ መረጃና ኃይል የሚያስተላልፈው የፒኦኢ አሠራር ለተከላ ምቹ ቢሆንም የገመዱ ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። መብራት ሲጠፋ ሥርዓቱ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ለመቅጃው ብቻ ሳይሆን ካሜራዎቹን ለሚመግበው ስዊችም ሊገጠም ይገባል።

የሰዓትና የቀን ትክክለኛነት ቀረጻው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ትልቅ ዋጋ አለው። መቅጃዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት የአውሮፓውያንን የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው፤ በመቅጃው ላይ 02:00 ተብሎ የሚታየው በተለመደው አነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለፖሊስ በሚሰጥ ቃልና በቀረጻው መካከል የሚታይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ጥርጣሬ እንዳይፈጥር የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ሊገለጽ ይገባል።

የሌሎች ሰዎች መብት

ዙሪያውን የሚያይ ካሜራ የጎረቤትን መስኮትና በረንዳም ያያል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ለእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት ጥበቃ ይሰጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡ አካላትን ኃላፊነት ይደነግጋል። በመሆኑም ካሜራ የሚተክል ሰው ወይም ድርጅት የመትከሉን ዓላማ አስቀድሞ መወሰን፣ ቦታው በካሜራ የሚጠበቅ መሆኑን በሚታይ ማስታወቂያ መግለጽ፣ ቀረጻውን ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አለማቆየትና ማን ሊያየው እንደሚችል መለየት ይጠበቅበታል። በመጸዳጃ፣ በልብስ መቀየሪያና በመሰል ቦታዎች ካሜራ ሊተከል አይገባም።

አብዛኞቹ ካሜራዎች ከዕይታው ክልል ውስጥ የተመረጠውን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን አሠራር አላቸው። የጎረቤት ግቢ በዚህ እንዲሸፈን ማድረግ መብትን ከማክበሩም በላይ ከአላስፈላጊ ክርክር ይጠብቃል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በተከላው ዕለት መቀየርም ቀረጻው ለባዕድ ዐይን እንዳይጋለጥ የሚያስችል ቀዳሚ ጥንቃቄ ነው።

ከግዥ በፊት ለሻጭ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ካሜራው በሚፈለገው ርቀት ላይ በአንድ ሜትር ስንት ፒክስል ይሰጣል?

2. የሚቀዳው ክቡ ሙሉ ምስል ነው ወይስ የተቃናው ዕይታ ብቻ?

3. መቅጃው ይህን ካሜራ የማቃናት አቅም አለው?

4. የአይፒ እና የአይኬ ደረጃው በካሜራው ሰነድ ላይ ተጽፏል?

5. መቅጃው የስንት ቀን ቀረጻ ይይዛል? መብራት ሲጠፋስ ለምን ያህል ጊዜ ይሠራል?

6. ዋስትናውና ጥገናው በማን ይሰጣል?

ከእነዚህ ጥያቄዎች በተጨማሪ ከሁሉም የሚሻለው ማረጋገጫ ቀላል ሙከራ ነው። ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት አንድ ሰው ቀንና ማታ በበሩ እንዲገባ አድርጎ፣ ቀረጻውን አውጥቶ፣ ሰውየውን ለማያውቅ ሌላ ሰው ከፎቶግራፉ ጋር ማሳየት ነው። ያ ሰው በቀረጻው ላይ ያለውን ፊት ለይቶ ካወቀ ካሜራው ለቦታው ተስማምቷል፤ ካላወቀ ግን ሌንሱ ወይም የተተከለበት ቦታ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ሊስተካከል ይገባል።