ሳግና ዜማ፦ በሮክ ሙዚቃዊ ቴአትር የድምፅ አጠቃቀም



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ የአማርኛ ቃል እጀምራለሁ፤ ቃሉ «ሳግ» ነው። አንድ ሰው ኀዘን ሲበረታበት «ሳግ ተናነቀው» እንላለን። አባባሉ በጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በሚገባ ይገልጻል። ስናለቅስ ትንፋሻችን ይቆራረጣል፣ በማንቁርት ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይጠብቃሉ፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስቸግረናል። እንግዲህ በሮክ ሙዚቃዊ ቴአትር ተዋናይ ፊት የሚደቀነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጉሮሮን የሚዘጋ ስሜት፣ ክፍት ጉሮሮ በሚሻ ዜማ እንዴት ይገለጻል?

«ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን በምሳሌነት እንውሰድ። ዜማው የአንድሩ ሎይድ ዌበር፣ ግጥሙ የቲም ራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአልበም ወጥቶ በ1971 በብሮድዌይ መድረክ ታየ። በአልበሙ የኢየሱስን ክፍል ያዜመው የዲፕ ፐርፕል ድምፃዊ ኢያን ጊላን ነበር። «ጌቴሴማኒ» በተሰኘው ዘፈን ባለታሪኩ በሞቱ ዋዜማ ከአባቱ ጋር ይሟገታል። ዘፈኑ በለሆሳስ ጀምሮ እስከ ጩኸት ይወጣል። ብዙ ተዋናዮች የሚደርሱበት ከፍተኛው ጂ የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ 784 ጊዜ ያህል እንዲርገበገቡ ይጠይቃል። ብሮድዌይ ላይ ደግሞ በሳምንት ስምንት ትርኢት ማቅረብ የተለመደ ነው። አንድ ሌሊት በእውነተኛ ለቅሶ የጮኸ ተዋናይ በማግስቱ ድምፁን ሊያጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ትንፋሽ ነው። ጀማሪ ዘፋኝ ከፍተኛው ኖታ ሲቃረብ ሳንባውን እስከ አፉ ይሞላል። ይሁን እንጂ ከመጠን ያለፈ አየር ከድምፅ አውታሮች ሥር ግፊትን ይጨምራል፤ አውታሮቹም ግፊቱን ለመቋቋም እርስ በርሳቸው ይጨናነቃሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ልከኛ አየር ስቦ፣ የጎድን አጥንቶችን እንደተከፈቱ በማቆየት፣ ትንፋሹን ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስተጋባት ነው። ከእውነተኛዎቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ሐሰተኛ አውታሮች የሚባሉ እጥፋቶች አሉ። ስናምጥ ወይም ከባድ ዕቃ ስናነሣ እነዚህ ይጠባሉ፤ በለቅሶና በቁጣም እንዲሁ። በጸጥታ መሣቅን መለማመድ እንዲላቀቁ ይረዳል። ከእነርሱ በላይ ያለውን የማንቁርት መግቢያ ብቻ ማጥበብ ሲቻል ግን ድምፁ ስለታም ይሆናል፤ ጆሮ በቀላሉ የሚለየው የ3000 ኸርዝ አካባቢም ይጎላል። ሕፃን ልጅ ሲነጫነጭ የምንሰማው ቀጭን ድምፅ ለዚህ ቅርብ ነው። ተዋናዩ ብዙ ሳይገፋ ከኤሌክትሪክ ጊታሩ በላይ ይሰማል፤ የቀረውን ማይክሮፎኑ ይሠራዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ስሜቱን በዘፈኑ ውስጥ ማደላደል ነው። መጀመሪያውኑ የጮኸ ሰው መጨረሻ ላይ የሚወጣበት የለውም። ስለዚህ ተዋናዩ ግጥሙን ያለ ዜማ እያነበበ ሙግቱ የሚጠናበትን ስፍራ ይለያል፤ ትንፋሽ የሚወስድበትንም ይወስናል። ማልቀስ ካስፈለገው በልምምድ ክፍል ያልቅስ፤ ሳጉ ሲመጣ ማንቁርቱ ምን እንደሚሆን ያስተውል። በመድረክ ላይ ያን ትዝታ በፊቱ፣ በአካሉና በቃላቱ አጣጣል ይገልጸዋል እንጂ በጉሮሮው አይሸከመውም።

ተማሪዎች «ይህ ማስመሰል አይሆንምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተዋናዩ ሳግ ተናንቆት ቃሉ ከተቆረጠ፣ ተመልካቹ ኀዘኑን ቢያይም ሙግቱን አይሰማም። ባለታሪኩ ደግሞ የቆመው ሊሟገት ነው።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሲያዜሙ ጉሮሮን ማመም የትጋት ምልክት አይደለም፤ ልምምዱን አቁሙ። የድምፅ መጎርነን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጉሮሮ ሐኪም ይመልከታችሁ። ሳጉ ተመልካቹን ይናነቀው፤ የእናንተ ጉሮሮ ግን ክፍት ይሁን።