አፈሩን እንጠይቀው

ሳይንስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ካፖርት የለበሰ አዋቂና ውድ የመስታወት ዕቃ ነው። «ይህ ሁሉ እኛ ቤት ከየት ይመጣል?» ይባላል። ነገር ግን ሳይንስ በመሠረቱ መጠየቅ፣ መሞከር፣ የሆነውን በዓይን ማየትና ማወዳደር ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት አሮጌ ጀሪካንና አንድ የተበሳ ጣሳ ይበቃል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በወላይታ የምናስተምር ወጣቶች ለልጆች አስቀድመን የምንመርጠው የአፈር ሙከራን ነው። ምክንያቱም የቤተሰቡ ቀለብ የሚገኘው ከአፈር ነው። እዚህ ሕዝቡ ብዙ፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ግን ጠባብ ነው። ከዳሞታ ተራራ ጀምሮ ተዳፋቱ ብዙ ነው። ዝናቡም በበልግና በክረምት ይመጣል። ቀይ አፈር ከማሳው ሲታጠብ አብሮት የሚሄደው የልጆቹ የነገ ምግብ ነው።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ሁለት እኩል ጀሪካኖች አስተኝቶ የላይኛውን ጎናቸውን ቆርጦ ማውጣት። መቁረጡን ትልቅ ሰው ይሥራው። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ፈጽሞ አይነካም። ከዚያ ከአንድ ማሳ የመጣ አፈር በሁለቱም እኩል መሙላትና በእጅ ጫን ጫን ማድረግ። አፈሩ እስከ ጀሪካኑ አፍ የታችኛው ጠርዝ ይድረስ። የአንዱን አፈር ራቁቱን እንተወው። የሌላውን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ወይም በሣር እንሸፍነው። ውሃው ወደ አፋቸው እንዲወርድ ከኋላቸው እኩል ድንጋይ እናስደግፍ። ከአፋቸው ሥር አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ እናስቀምጥ። አፈሩንም አስቀድመን በእኩል ውሃ እናርጥበው።

አሁን ውሃ ከመፍሰሱ በፊት ልጆቹን እንጠይቅ፦ «ምን ይሆናል? የትኛው ይደፈርሳል? ለምን?» እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ይናገር፤ መጻፍ የሚችለውም ይጻፍ። በሚቀናው ቋንቋ ይናገር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ወላይትኛ አንዱ ነበር። ሰው በአፍ በፈታበት ቋንቋ ሲጠየቅ ሐሳቡን አይደብቅምና።

ቀጥሎ ታቹ በምስማር በተበሳ ጣሳ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ አንድ ሊትር ውሃ ከእኩል ከፍታ እንደ ዝናብ ማውረድ ነው። እስቲ እንይ! ከራቁቱ አፈር ውሃው ቶሎ ይወርዳል፤ ቀይ ሆኖ ይደፈርሳል። ከተሸፈነው የሚወርደው ቀስ ይላል፤ ጠራም ይላል። ሁለቱንም ሃይላንድ እስከ ማግሥቱ ሳንነካ እናሳድራቸው። ዝቃጩ ከታች ይተኛል። ያን ጊዜ ልጆቹ ውፍረቱን በማስመሪያ ይለኩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የዝናብ ጠብታ ትንሽ ብትመስልም አፈሩን ስትመታው ጓሉን ትበትነዋለች። የተበተነው ደቃቅ አፈር ውሃ የሚሰርግበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ውሃውም መግቢያ ሲያጣ በላይ በላይ ይሮጣል፤ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። ቅጠል ካለ ግን ዱላውን የሚቀበለው ቅጠሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። አፈሩ አንድ፣ ውሃው እኩል፣ ተዳፋቱም እኩል ነው። የተለየው ሽፋኑ ብቻ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ብንለውጥ የትኛው እንደሠራ አናውቅም። ስለሆነም ተዳፋቱን መፈተን ያማረው ልጅ ሽፋኑን ሳይነካ ድንጋዩን ብቻ ይጨምር። ውጤቱ ካልተጠበቀው ጋር ቢጋጭ «ተሳስተሃል» አይባልም። ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዳኛው መምህሩ ሳይሆን አፈሩ ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ በዚሁ በወላይታ፣ አረካ አጠገብ ባለችው ጉኑኖ ነበር። ተመራማሪዎቹ በተከለሉ መደቦች ላይ የወረደውን ዝናብ፣ የፈሰሰውን ውሃና የታጠበውን አፈር ይለኩ ነበር። ጀሪካን ማሳ አይደለም፤ ለዚህም ነው እነሱ በእውነተኛ ተዳፋት ላይ ለዓመታት የለኩት። ጥያቄው ግን ያው ነው።

የአባያ ሐይቅ ውሃ ለምን ቀላ እንደሚል የሚጠይቅ ልጅም መልሱን በሃይላንዱ ውስጥ ያገኘዋል። ሐይቁን ያቀላው ወንዞች ይዘውት የሚገቡት ደቃቅ አፈር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዝናብ ሲያባራ ልጅህን ይዘህ ወደ ማሳህ ቦይ ውረድ። ውሃው ምን መልክ አለው? ከየትኛው ጥግ ይመጣል? እዚያ ጥግ ላይ ሣር ቢተከል፣ ወይም እርከን ቢሠራ ምን ይለወጣል? መልሱን ቶሎ አትንገረው። አብራችሁ ሞክሩት።