ዳውን ሲንድረም እና የዘረመል ምክር፦ «ከማን መጣ? ይደገማል ወይ?»

በሀዋሳ ታቦርም ሆነ በሌላ አካባቢ፣ ሕፃን ልጅዎ ዳውን ሲንድረም ሳይኖረው እንደማይቀር ሲነገርዎ ሁለት ጥያቄዎች ቶሎ ይመጣሉ፦ «ከማን መጣ?» እና «የሚቀጥለው ልጃችንስ?» የዘረመል አማካሪ ሥራ እነዚህን ጥያቄዎች በማስረጃ መመለስ ነው። በአገራችን በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ምክሩን የሚሰጠው የሕፃናት ሐኪም ነው።

አብዛኛው ሰው በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የተወረሰ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም ስላለው ቁጥሩ 47 ይሆናል። ይህ የሚከሰተው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲዘጋጅ ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። በእርግዝና ወቅት የበሉት ምግብ፣ የሠሩት ሥራ፣ ድንጋጤ ወይም እርግማን አያመጣውም። ስለዚህ ወደ ምክር ሲሄዱ አባትየውና ከተቻለ አያቶችም አብረው ቢገቡ እመክራለሁ፤ እናትን የሚወቅሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ አፍ ያልሰማ ዘመድ ነውና።

የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል፦ በ35 ዓመት ከ350 ወሊዶች በ1 ገደማ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 በ1 ገደማ። ሆኖም ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ።

«ይደገማል ወይ?» የሚለውን ለመመለስ ከልጁ ደም የክሮሞሶም ምርመራ ይሠራል። ከ100 ልጆች በ95ቱ ገደማ ትርፉ ክሮሞሶም ለብቻው የቆመ ነው፤ ያኔ በሚቀጥለው እርግዝና የመደገም ዕድሉ ከ100 አንድ ያህል ነው፣ ዕድሜ ከገፋ ትንሽ ይጨምራል። ከ100 በ3 ወይም በ4 ልጆች ግን ትርፉ ከሌላ ክሮሞሶም ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጤነኛ የሆነ አባት ወይም እናት ሳያውቁት ተሸካሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱም መመርመር አለባቸው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አማካሪው «ውለዱ» ወይም «አትውለዱ» አይልም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ምርመራው በየሆስፒታሉ ስለማይሠራ ናሙናው የት እንደሚላክና ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የውጤቱንም ወረቀት አይጣሉ። የልብ ምርመራው ግን ይህን ውጤት መጠበቅ የለበትም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልደት ጀምሮ የልብ ችግር ስላለባቸው በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ለልብ አልትራሳውንድ ሪፈር ያስጽፉ። ለሀዋሳና አካባቢው ትልቁ የሪፈራል ተቋም የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የእንቅርት ዕጢ፣ የመስማትና የማየት ምርመራም ይጠይቁ።

ሕፃኑ ሲጠባ ካላበው፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዕለቱኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።