የፍሬ አካልና ምድብ፦ ከቡና እስከ ሰሊጥ

በገበያ ፍራፍሬ የሚባለው ጣፋጭ ሆኖ ጥሬውን የሚበላው ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ግን ፍሬ ማለት ዘር ይዞ ያደገና የጎለመሰ የአበባ እንቁልጢ ነው። በዚህ መለኪያ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ብቻ ሳይሆኑ የጤፍ ቅንጣትም ፍሬ ናት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 በአንድ የቀረጥ ክርክር ላይ ቲማቲም በሳይንስ ፍሬ መሆኑን አምኖ፣ በማዕድ ግን አትክልት ነውና እንደ አትክልት ይቀረጥ ብሎ ፈርዷል።

የፍሬ ግድግዳ ሦስት ክፍል አለው፦ ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ። እሸት ቡና ሦስቱንም ያሳያል። ቀዩ ልጣጭ ውጫዊው ነው፤ የሚያሟልጨው ጣፋጭ ሥጋ መካከለኛው፤ ደረቁ ገለባ ደግሞ ውስጣዊው። ቆልተን የምንጠጣው በገለባው ውስጥ ያለውን ዘር ነው። በብርቱካን ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ሽፋን መካከለኛው ክፍል ሲሆን፣ ጭማቂ የቋጠሩት ከረጢቶች ከውስጣዊው ክፍል የበቀሉ ናቸው።

ምድቡ የሚጀምረው ግድግዳው ሲጎለምስ ሥጋ ለብሶ መቅረቱን ወይም መድረቁን በማየት ነው። ሥጋማ ከሆኑት መካከል ቲማቲም፣ ወይንና ሙዝ ቤሪ ይባላሉ፤ ግድግዳቸው በሙሉ ለስላሳ ነው። ማንጎ፣ ኮክ፣ ወይራና ቡና ውስጣዊ ክፍላቸው ስለሚጠነክር ድሩፕ ናቸው። ዱባ፣ ቅልና ሐብሐብ ጠንካራ ልጣጭ ያላቸው የቤሪ ዓይነቶች ሲሆኑ ፔፖ ይባላሉ።

ደረቅ ፍሬዎች ደግሞ የሚከፈቱና የማይከፈቱ ተብለው ይለያሉ። ባቄላና አተር በሁለት ጠርዝ ይሰነጠቃሉ፤ ሰሊጥና ጥጥ ካፕሱል በሚባል፣ ደርቆ በሚከፈት ፍሬ ውስጥ ይበስላሉ። ከማይከፈቱት ውስጥ በጤፍ፣ በስንዴና በገብስ የፍሬው ግድግዳ ከዘሩ ልባስ ጋር ተጣብቋል፤ በኑግና በሱፍ ግን አልተጣበቀም። የድንብላል ፍሬ ሁለት ግማሾች አሉት፤ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ዘር ይይዛል።

ሁለተኛው መለኪያ የፍሬው መነሻ ነው። አብዛኛው ፍሬ ከአንድ አበባ አንድ እንቁልጢ ይወጣል። የዱር እንጆሪ ግን በአንድ አበባ ላይ ካሉ ብዙ እንቁልጢዎች ይሰበሰባል፤ አናናስና ሾላ ከብዙ አበቦች ጥምረት ይገኛሉ። በስትሮበሪ የሚበላው ቀዩ ሥጋ ያበጠ የአበባ መቀመጫ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የተነጠበጠቡት ቅንጣቶች እውነተኛዎቹ ፍሬዎች ናቸው። በፖምም አብዛኛው ሥጋ የመጣው ከእንቁልጢው ውጭ ካለው የአበባ ክፍል ነው።

የፍሬን ጥናት ጣሊያናዊው አንድሪያ ቼዛልፒኖ እ.ኤ.አ. በ1583 ዕፅዋትን በፍሬና በዘር ሲመድብ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። ጀርመናዊው ዮሴፍ ጌርትነር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1788 ጀምሮ ባሳተመው ሥራው ፍሬና ዘር ራሱን የቻለ የምርምር መስክ እንዲሆን አደረገ። ሆኖም የፍሬ ቅርጽ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። ቲማቲምና ትምባሆ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ የአንዱ ፍሬ ቤሪ፣ የሌላው ካፕሱል ነው።

ምድቡ ለመማሪያ ክፍል ብቻ የተሠራ አይደለም። የሰሊጥ ካፕሱል ደርቆ ሲከፈት ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ገበሬው ሳይከፈት አጭዶ፣ በነዶ አስሮ፣ ቀጥ አድርጎ ያደርቅና ኋላ ገልብጦ ያራግፈዋል። ጤፍ ግን ዘሩ ከግድግዳው ስለማይለይ በውቂያ የሚገኘው ሙሉው ፍሬ ነው፤ ሲፈጭም ግድግዳው ከዱቄቱ ጋር ይገባል። ቡና ጠንካራ ገለባ ስላለው ልጣጩ ከተገፈፈና ከታጠበ በኋላም ዘሩ ተሸፍኖ ይደርቃል። ስለ አጨዳ፣ ስለ ማድረቅና ስለ ማከማቸት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህ ፍሬ ዘሩን እንዴት ይለቃል የሚለውን ነው።