የቤት ሕልም በአሜሪካ ሕይወትና ሥነ ጽሑፍ

የቤት ሕልም በአሜሪካ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የራስ የሆነ መሬትና ቤት መያዝ የነጻነት፣ የመከበርና የተሻለ ኑሮ ማረጋገጫ ነው የሚለው እምነት ነው። «የአሜሪካ ሕልም» ከሚባለው ሰፊ አስተሳሰብ ውስጥ ይህ ክፍል በእጅ የሚጨበጠው ነው። ስኬት ወይም ደስታ በዓይን አይታይም፤ ቤት ግን ይታያል። ሕልሙ ሲከሽፍም ክሽፈቱ የሚታየው በቤቱ ላይ ነው፤ በዕዳ በተወሰደ፣ በአቧራ በተቀበረ፣ ወይም ዕዳው ተከፍሎ አልቆ የሚኖርበት ሰው ባጣ ቤት። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የአሜሪካ ልብ ወለዶችና ተውኔቶች ብዙዎቹ በአንድ ቤት ዙሪያ የተሠሩ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስልም።

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለውን ሐረግ በሰፊው ያስተዋወቀው የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ትራስሎ አዳምስ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሐረጉ የተስፋፋው ሀገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች፣ ሚሊዮኖች ሥራ ባጡበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አዳምስ ራሱ ሕልሙን በመኪናና በደመወዝ ብቻ እንዳይለኩት አንባቢዎቹን አስጠንቅቆ ነበር። ነገሩ ግን ከሐረጉ በጣም ይቀድማል።

የነጻ መሬት ዘመን

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ግንቦት 20 ቀን 1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ የቤተሰብ ኃላፊ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ የመንግሥት መሬት ይሰጥ ነበር። ይህ በቀድሞው የኢትዮጵያ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ይሆናል። ተቀባዩ ጥቂት የመመዝገቢያ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤት ሠርቶ፣ መሬቱን እያረሰ አምስት ዓመት ከኖረበት የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኛል። በዚህ መንገድ ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የመሬት ባለቤት ሆነዋል። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። አብዛኛው በጦርነት፣ በግዳጅ በተፈረሙ ውሎችና በማፈናቀል ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት በምዕራቡ ሜዳ ደግሞ 160 ኤከር አንድ ቤተሰብ ለመመገብ ብዙ ጊዜ አይበቃም ነበር፤ እንጨት ስለሌለም ሰፋሪዎች ከሣር ሥሩ ጋር በተቆረጠ አፈር ቤት ይሠሩ ነበር።

ዊላ ካተር በ1918 ያሳተመችው «የእኔ አንቶኒያ» ይህን ዘመን በኔብራስካ ያሳያል። ከቦሄሚያ የመጣው የሽመርዳ ቤተሰብ ባገሩ ሰው ተታሎ ከዋጋው በላይ ከፍሎ የገዛው ቤት መሬት ውስጥ የተቆፈረ ዋሻ ሆኖ ያገኘዋል። ባገሩ ቫዮሊን ይጫወት የነበረው አባት የመጀመሪያውን ክረምት ሳያልፍ ራሱን ያጠፋል። ልጁ አንቶኒያ ግን በዚያው አፈር ላይ አርሳ፣ ወልዳ፣ አትክልት ተክላ ትኖራለች። ካተር ሕልሙን ውሸት አላደረገችውም፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን አልደበቀችም። ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር በ1935 ያወጣችውና በመላው ዓለም ለልጆች የሚነበበው «ትንሹ ቤት በሜዳው ላይ» የሚያልቀው ደግሞ ቤተሰቡ በእጁ የሠራውን ቤት ጥሎ ሲሄድ ነው፤ መሬቱ የኦሴጅ ሕዝብ ነበርና።

በብድር የተገዛ ቤት

በከተማ ውስጥ ሕልሙ በማረሻ ሳይሆን በወርሃዊ ክፍያ የሚገኝ ሆነ። አፕተን ሲንክሌር በ1906 ያሳተመው «ጫካው» በቺካጎ ቄራዎች ስላለው ቆሻሻ በመግለጹ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የሥጋ ቁጥጥር ሕግም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ሲንክሌር የሕዝቡን ልብ ለመንካት አልሞ ሆዱን እንደመታ መናገሩ ይታወሳል። አንባቢው ስለ ሥጋው ሲያወራ የረሳው ነገር የመጽሐፉ አከርካሪ ቤት መሆኑን ነው። ከሊትዌኒያ የመጣው ዩርጊስ ሩድከስና ቤተሰቡ 1,500 ዶላር የሚያወጣ ቤት በ300 ዶላር ቅድሚያና በወር 12 ዶላር ለመግዛት ይዋዋላሉ። ውሉን ማንበብ አይችሉም። ከተፈራረሙ በኋላ አንዲት ጎረቤት አሮጊት ምስጢሩን ትነግራቸዋለች፦ አዲስ የተባለው ቤት ቀለም ብቻ የተቀባ አሮጌ ነው፤ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ ወለድ አለበት፤ ከእነርሱ በፊትም ሌሎች ቤተሰቦች ገዝተውት አንድ ወር ሲጎድልባቸው ተነጥቀውታል። ዩርጊስ ከእስር ወጥቶ ሲመለስ ቤቱ እንደገና ቀለም ተቀብቶ ሌሎች ሰዎች ሲኖሩበት ያገኘዋል። የቤት ሻጩ ትርፍ የሚመጣው ገዢው ከፍሎ ሲጨርስ ሳይሆን ሳይጨርስ ሲቀር መሆኑን በዚህ ጥራት ያሳየ ልብ ወለድ ጥቂት ነው።

የስኮት ፊትዝጀራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» (1925) በሌላው ጫፍ ይቆማል። ጋትስቢ ግዙፍ ቤት የገዛው ሊኖርበት ሳይሆን በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ዴዚ እንድታየው ነው። በመጨረሻ ቤቱ እንግዳ እንጂ ነዋሪ ያልነበረው መሆኑ በቀብሩ ላይ በሚገኙት ጥቂት ሰዎች ይታወቃል።

አቧራና መንገድ

በ1930ዎቹ ድርቅና ያለ ጥንቃቄ የታረሰው አፈር ተገናኝተው በኦክላሆማና በአካባቢው ግዛቶች ሰማዩን የሚያጨልም የአቧራ ማዕበል አስነሱ። የእህል ዋጋም ወድቆ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደዱ። ጆን ስታይንቤክ በ1936 የስደተኞቹን ሰፈሮች እየዞረ ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ተከታታይ ዘገባ ከጻፈ በኋላ በ1939 «የቁጣ ወይን» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት።

የጆድ ቤተሰብ ከመሬቱ የሚፈናቀልበት መንገድ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የሚያባርራቸው ሰው አይታወቅም። ትራክተሩን የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ነው፤ እርሱን የላከው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውን የሚያዘው ባንክ ነው፤ ባንኩም ሩቅ ላለ ሌላ አካል ተጠሪ ነው። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ማንን እንደሚተኩስ አያውቅም። ቤተሰቡ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ መኖሩን የሚናገር የታተመ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ እናቲቱ በመንገድ ላይ በብርቱካን ዛፎች መካከል የቆመች ትንሽ ነጭ ቤት ታልማለች። ሲደርሱ ያው ወረቀት ለአንድ የሥራ ቦታ ስንት እጥፍ ሰው ለመሰብሰብና ደሞዝ ለመጣል መበተኑን ይረዳሉ። ብርቱካኑ አለ፣ ነጩም ቤት አለ፤ ባለቤት አላቸው። ስታይንቤክ ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባሳተመው «ስለ አይጦችና ሰዎች» ደግሞ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጥንቸል የሚያረቡበት ትንሽ እርሻ ለመግዛት ያልማሉ። ጆርጅ ይህን ሕልም ለሌኒ ደጋግሞ ስለሚተርክለት እንደ ማታ ጸሎት ሆኖ ነበር።

ዳርቻው ሰፈርና ቀዩ መስመር

ከ1930ዎቹ በፊት የቤት ብድር በአብዛኛው ጥቂት ዓመት የሚቆይና ከፍተኛ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ነበር። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለባንኮች ዋስትና በመስጠቱ በረጅም ዓመታት የሚከፈል ብድር የተለመደ ሆነ። በ1944 የወጣው የዘማቾች ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱት ወታደሮች ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት የሚገዙበትን ዕድል ከፈተ። ሌቪት የተባለው የግንባታ ድርጅት ከ1947 ጀምሮ በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ ሌቪታውንን ሠራ። ሥራው ተከፋፍሎ አንዱ ቡድን መሠረት ሲጥል ሌላው ግድግዳ እያቆመ፣ ሌላው ቀለም እየቀባ ይከተላል፤ በጥቂት ዓመታት ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠሩ። በ1940 ከመቶ 44 ገደማ የነበረው የቤት ባለቤቶች ድርሻ በ1960 ወደ 62 ከፍ አለ። በአሜሪካ ታሪክ ሕልሙ ለብዙ ሰው እውን የሆነበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። በሌቪታውን የመጀመሪያ ውሎች ነጭ ያልሆነ ሰው ከቤት ሠራተኛነት በቀር እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ነበር። የመንግሥት ገምጋሚዎች ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ለብድር አደገኛ ብለው በካርታ ላይ በቀይ ያቀልሙ ነበር። ቀዩ ሰፈር ብድር አያገኝም፣ ብድር ስለማያገኝ ቤቱ ያረጃል፣ ቤቱ ስላረጀ ቀይነቱ ትክክል ይመስላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 በዘር ላይ የተመሠረቱ የይዞታ ክልከላዎችን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ወሰነ። በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው ግን ሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት በአብዛኛው ቤቱ ስለሆነ የእነዚያ ዓመታት ልዩነት በሕጉ መውጣት ብቻ አልጠፋም።

ሎሬይን ሃንስቤሪ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። አባቷ ካርል ሃንስቤሪ በ1937 በቺካጎ ጥቁሮች በማይፈቀዱበት ሰፈር ቤት ገዝቶ ቤተሰቡ ጥቃት ደረሰበት፤ በመስኮት የተወረወረ ነገር ሕፃኗን ሎሬይንን ለጥቂት ሳታት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 አባቷ ረታ፤ ውሳኔው ግን በሥነ ሥርዓት ጥያቄ ላይ የቆመ ስለነበር ክልከላውን ራሱን አላፈረሰም። ካርል በ1946 ሜክሲኮ ውስጥ ሞተ፤ ቤተሰቡን ይዞ ከአሜሪካ ለመውጣት ዝግጅት ላይ ነበር።

በመጋቢት 1959 የቀረበው «ዘቢብ በፀሐይ» በጥቁር ሴት ተጽፎ በብሮድዌይ የታየ የመጀመሪያው ተውኔት ነው። የያንገር ቤተሰብ ከሟቹ አባት የሕይወት ዋስትና 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። እናቲቱ ሊና 3,500ውን በነጮች ሰፈር ለሚገኝ ቤት ቅድሚያ ትከፍላለች። ይህን ያደረገችው ነጮች ጋር ለመቀላቀል ሳይሆን ባላት ገንዘብ የሚገዛው ደህና ቤት እዚያ ስለነበር ነው፤ በጥቁሮች ሰፈር ያለው ቤት ይበልጥ ውድ ነበር። ልጇ ዋልተር የቀረውን ለመጠጥ መሸጫ ሱቅ ንግድ ሰጥቶ በባልንጀራው ይከዳል። የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር የላከው ሰው በትሕትና ቃል ቤቱን መልሶ ሊገዛቸው ይመጣል። ዋልተር ገንዘቡን ሊቀበል ቆርጦ፣ በልጁ ፊት ሲናገር ግን እምቢ ይላል። ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ይህን እንደ አስደሳች ፍጻሜ ያየዋል፤ የሃንስቤሪን የልጅነት ታሪክ የሚያውቅ ግን ዕቃው ተጭኖ ሲወጣ አዲሱ ቤት ምን እንደሚጠብቃቸው ያስባል።

ነጩም ባለቤት ከሕልሙ ጋር አልታረቀም። በአርተር ሚለር «የአንድ ሻጭ ሞት» (1949) ዊሊ ሎማን ሲገዛው ጸሐይ ይገባበት የነበረው ቤት አሁን በፎቆች ተከቧል፤ ጓሮው ምንም አያበቅልም። ማቀዝቀዣው ተከፍሎ ሳያልቅ ይበላሻል። ዊሊ በመጨረሻው ሌሊት በባትሪ መብራት ዘር ይዘራል፤ ከዚያም ለቤተሰቡ የዋስትና ገንዘብ እንዲደርስ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሚስቱ ሊንዳ በመቃብሩ ላይ የምትነግረው ነገር የቤቱ የመጨረሻ ክፍያ በዚያ ቀን መፈጸሙን ነው። ሪቻርድ ዬትስ በ«የአብዮት መንገድ» (1961)፣ ጆን ቺቨር በ«ዋናተኛው» (1964) ዕዳም ረሃብም ያላስጨነቃቸውን የዳርቻ ሰፈር ሰዎች ባዶነት ጽፈዋል። የቺቨር ሰው በጎረቤቶቹ ገንዳዎች እየዋኘ ቤቱ ሲደርስ ተቆልፎ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ከ2008 በኋላና የስደተኞች ድምፅ

የቤት ባለቤቶች ድርሻ በ2004 ከመቶ 69 ደርሶ ነበር። ከፊሉ ዕድገት የመጣው አቅማቸው ላልተመዘነ ተበዳሪዎች በተሰጠ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ኋላ ወለዱ በሚንር ብድር ነው። አበዳሪው ብድሩን ወዲያው ለሌላ ስለሚሸጠው ተበዳሪው መክፈል መቻሉ አያስጨንቀውም ነበር። የቤት ዋጋ ሲወድቅ በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ ከሰረ፤ ሚሊዮኖችም ቤታቸውን አጡ። ባንኩ ራሱ ብድሩ በማን እጅ እንዳለ የማያውቅበት ጊዜ ስለነበር፣ ማንን እንደሚተኩስ ያላወቀው የስታይንቤክ ገበሬ ጥያቄ እንደገና ትኩስ ሆነ።

የስደተኞች ሥነ ጽሑፍ በጥያቄው ላይ ሌላ ቤት ይጨምራል፤ ጥለውት የመጡትን። የሳንድራ ሲስኔሮስ «ቤቱ በማንጎ ጎዳና» (1984) በቺካጎ የላቲኖች ሰፈር የምታድግ ልጅ ወላጆቿ በገዙት ትንሽ ቤት የምታፍርበትን ሕይወት ይተርካል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለውን ሰፋ እስጢፋኖስን ያቀርባል። ሰፋ በቀይ ሽብር አባቱን አጥቶ የሸሸ ነው። ከኮንጎና ከኬንያ የመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥቶችን ስምና ዓመት እየተጠያየቁ ያመሻሉ። ጁዲት የተባለች ነጭ ምሁር አጠገቡ ያለውን የፈራረሰ ትልቅ ቤት ገዝታ ስታሳድስ የሰፈሩ ኪራይ ይንራል፣ ነባሮቹ ይባረራሉ፣ በመጨረሻም ቤቷ ይቃጠላል።

ሰፋ ሀብታም ለመሆን አልመጣም፤ ለመቆየትም አላሰበም ነበር። አጎቱ ብርሃነ የሚኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ ሕንፃ በኢትዮጵያውያን የተሞላ ነው። ሰፋ ከዚያ ርቆ የሚኖረው የአገሩ ሽታና ድምፅ የቀረውን ሰላም ስለሚነሳው ነው። ታሪኩ ሲያልቅ የሱቁ ኪራይ ውዝፍ አለበት፤ እርሱም አደባባዩ ላይ ቆሞ ሱቁን ከሩቅ ያያል።