እግሩ የጎበጠ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?

ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር የዘመድ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። «ምነው ጉልበቱ ተራራቀ? ወልጋዳ ሊሆን ነው እኮ!» የሚል አይጠፋም። አንዷ ማዘሉን ትወቅሳለች፣ ሌላዋ ዳይፐሩን። አያት ደግሞ ቅቤ አሙቃ እግሩን እያሸች ታቃናለች። ወራት ያልፉና እግሩ ቀጥ ይላል፤ ምስጋናውን ቅቤው ይወስዳል።

ቅቤውም ሆነ ማዘሉ ግን እጃቸው የለበትም። ሕፃን በማህፀን እግሩን አጣጥፎ ስለሚያድግ ጎበጥ ያለ እግር ይዞ ይወለዳል። መሄድ ሲጀምር ጉብጠቱ ጎልቶ ይታያል፣ 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይቃናል። ነገሩ በዚያ አያበቃም። እግሩ ቀጥ ካለ በኋላ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፤ በ3 እና በ4 ዓመቱ ጉልበቶቹ እየተነካኩ ቁርጭምጭሚቶቹ ይራራቃሉ። ይህም ጤና ነው። የአዋቂ ቅርጹን የሚይዘው በ7 ወይም በ8 ዓመቱ ነው። ሐኪም አስቀድሞ ዕድሜውን የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ በ1 ዓመት ልጅ ላይ የማያሳስበው ጉብጠት በ4 ዓመት ልጅ ላይ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከበሽታዎቹ በእኛ አገር ቀድሞ የሚጠረጠረው ሪኬትስ ነው። የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ባለ ለስላሳ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል የሚጠነክረው በካልሲየምና በፎስፈረስ ሲሆን፣ አንጀት ካልሲየሙን በደንብ እንዲስብ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚኑ ሲጎድል ጭቃው ሳይደርቅ ጣሪያ እንደተጫነበት ግድግዳ አጥንቱ በክብደት ይጎብጣል። የእጅ አንጓ ይወፍራል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ ልጁም ቶሎ አይሄድም።

ቫይታሚን ዲን በዋናነት የሚሠራው ቆዳችን ነው፣ በፀሐይ ብርሃን። ታዲያ የ13 ወር ፀሐይ በምትባል አገር ሪኬትስ ምን ይሠራል? ፀሐይዋ ደጅ ናት፣ ልጁ ግን ቤት ውስጥ ነዋ! ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳይነካው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ተጠቅልሎ ይውላል። በመስኮት ማሞቅም አይጠቅምም፤ ቫይታሚኑን የሚያስገኘውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። የእናት ጡት ወተት በሌላው ሁሉ ድንቅ ቢሆንም በቫይታሚን ዲ ደሃ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ከእግር ያልፋል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በላንሴት መጽሔት የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት በሳምባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት በ210ዎቹ ላይ ሪኬትስ አግኝቷል፤ የሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ለመተንፈስም ያስቸግራል። ደስ የሚለው፣ በጊዜ ከታወቀ በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ይድናል፤ የትንሽ ልጅ እግርም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይቃናል።

ሌላው መንስኤ የብላውንት በሽታ ነው። የቅልጥሙ የላይኛ ጫፍ በውስጥ በኩል እድገቱ ይዘገይና እግሩ ይጎብጣል፤ ቀድመው በሄዱና ክብደታቸው ከፍ ባለ ልጆች ላይ ይበዛል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ውሎ አድሮ አጥንቱም ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም።

አዋቂ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እድገቱ ስላበቃ አጥንቱ በራሱ አይቃናም። ክብደቱ በጉልበት ውስጠኛ ጎን ስለሚበዛ መገጣጠሚያው ቀድሞ ያልቃል፣ ሕመሙም ይከተላል። በየቪዲዮው «በ30 ቀን እግርዎን እናቃናለን» የሚሉትን አትመኑ። ስፖርት ጡንቻ ያጠነክራል፣ ሕመም ያቀልላል፤ አጥንት ግን አያቃናም። ሲያስፈልግ የአጥንት ሐኪም ቅልጥሙን ከጉልበት በታች ቆርጦ በብረት ያስተካክለዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን አስተኝታችሁ ቁርጭምጭሚቶቹን አገናኙና በጉልበቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ከ6 ሴንቲሜትር ከበለጠ፣ ከ2 ዓመት በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ እግር ብቻ ከጎበጠ ወይም ልጁ ካነከሰ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ 3 ዓመት ሳይሞላው ብትደርሱ ሕክምናው ይቀላል።